የጉድጓዱ ባለቤት

[ቦታው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎች ዞረው ከሚቆሙበት ጥግ፣ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ነው። በእግረኛው መንገድ ላይ ክዳኑ የጠፋ የጎርፍ መውረጃ ጉድጓድ አለ። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ለሚመለከተው ሁሉ ተናገረ፤ የሚመለከተውም ሁሉ እንደ ልማዱ ሰማ። በመጨረሻ ጎማ ጠጋኙ መኳንንት ቅጠሉ ያልረገፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥቶ ተከለበት። ዛሬ ጠዋት ግን አብሮ አደጉ ብሩኬ ያንን ቅርንጫፍ ነቅሎ በእጁ ይዞታል። ብሩኬ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ስሙና ማዕረጉ የታተመበት ባጅ ተንጠልጥሏል። ማዕረጉን የሰጠው መሥሪያ ቤት የለም፤ ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው።]

መኳንንት፦ መልሰው አልኩህ!

ብሩኬ፦ አልመልስም!

መኳንንት፦ ሰው ይገባበታል እኮ!

ብሩኬ፦ ማን ነው የሚገባው? ዓይኑን ከፍቶ የማይሄድ ሞኝ ካልሆነ በቀር ማን ይገባል?

መኳንንት፦ እኔ ሁለቴ ገብቻለሁ።

ብሩኬ፦ አላልኩህም?

መኳንንት፦ የመጀመሪያው ቀን ክዳኑ መጥፋቱን አላወቅኩም ነበር።

ብሩኬ፦ እሺ፣ ሁለተኛውስ?

መኳንንት፦ ሁለተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደገባሁ ለሰው እያሳየሁ ነበር።

[ብሩኬ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከልጅነታቸው ጀምሮ መኳንንትን የሚያስረዳው እሱ ነው፤ መኳንንትም ከልጅነቱ ጀምሮ በትዕግሥት ሳይገባው ኖሯል።]

ብሩኬ፦ ስማኝ፣ መኩ። ቅርንጫፉ እዚህ ቆሞ ሳለ ጉድጓዱ አይታይም።

መኳንንት፦ እንዲታይ እኮ ነው የተከልኩት።

ብሩኬ፦ የሚታየው ቅርንጫፉ ነዋ! ችግሩን ደበቀው። እኔ ደግሞ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ችግሩን ራቁቱን ነው የምፈልገው።

መኳንንት፦ አራት ሰዓት ላይ ምን አለ?

ብሩኬ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።] የሄቨን አባት ይመጣሉ።

መኳንንት፦ ጉድጓድ ሊያዩ?

ብሩኬ፦ ሥራዬን ሊያዩ! እሑድ ሽማግሌዎቼ ቀራንዮ ሄደው አልነበር? አቶ ወልደጊዮርጊስ ገና ሳይቀመጡ «ልጁ ምን ይሠራል?» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እንዳስጠናኋቸው «ሥራ ፈጣሪ ነው» አሉ። እሳቸውም «ደግ። የፈጠረውን ሥራ በዓይኔ ልየውና መልስ እሰጣለሁ፤ ሥራ ካላየሁ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ» ብለው ሸኟቸው።

መኳንንት፦ ታዲያ የእናትህን ሱቅ አሳያቸዋ! ያቺን ሱቅ የያዝካት አንተ አይደለህ?

ብሩኬ፦ ሱቅ! ዘይትና ሳሙና! ሱቅ እኮ ሥራ ነው፤ ሥራ ፈጠራ አይደለም። ቤቴል የሥራ ፈጠራ ሥልጠና የገባሁት ተመልሼ ሳሙና ልመዝን ነው?

መኳንንት፦ ሳሙና አይመዘንም።

ብሩኬ፦ ይኸው! ይህን ያህል እንኳ ረስቼዋለሁ።

መኳንንት፦ ዛሬስ ማን ከፈታት?

ብሩኬ፦ ተዘግታለች። ሥራ ፈጣሪ በሥራ አይያዝም።

[ይህን ሲናገር ከልቡ ነው። ይሁን እንጂ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረው፤ ሄቨንን ያወቃት በዚያች ሱቅ መስኮት በኩል ነበር። ትናንትም ደውላ «እባክህ ሱቁን አሳየው» ብላዋለች። ብሩኬ ግን አፈረ። በሱቁ ያፈረ ሰው በጉድጓዱ ሲኮራ ለራሱ አይታወቀውም።]

መኳንንት፦ ቆይ፣ ሥራ ፈጣሪ ማለት ታዲያ ምንድን ነው?

ብሩኬ፦ አመለካከት ነው! የሥራ ዓይነት አይደለም። ሌላው ሰው ችግር ሲያይ ያማርራል። ሥራ ፈጣሪ ችግር ሲያይ ምን ያደርጋል?

መኳንንት፦ ቅርንጫፍ ይተክላል።

ብሩኬ፦ አይተክልም! ዕድል ያያል!

መኳንንት፦ ዕድሉን ካየ በኋላስ?

ብሩኬ፦ ያምንበታል።

መኳንንት፦ ቆሞ?

ብሩኬ፦ ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ ተኝቶም! ሃያ አራት ሰዓት ነው አመለካከት!

መኳንንት፦ [በአድናቆት] እዚህ ጎናችን ያለው ጋራዥ ዘበኛ እንደዚያ ነበር። ተኝቶ ሲያገኙት አባረሩት እንጂ።

ብሩኬ፦ ካንተ ጋር ማውራት ከድንጋይ ጋር... ተወው። ሐሳቡን ልንገርህ። ስልክህ ላይ አፕ ይጫናል። ክዳን የሌለው ጉድጓድ አጠገብ ስትደርስ ስልክህ ኪስህ ውስጥ «ጢጥ፣ ጢጥ» ይላል። ስልክህን ታወጣለህ። «ውድ ደንበኛችን፣ ከፊትዎ ጉድጓድ አለ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

መኳንንት፦ ስልኬን እያየሁ?

ብሩኬ፦ አዎ።

መኳንንት፦ እየሄድኩ?

ብሩኬ፦ አዎ!

መኳንንት፦ ገባሁ እኮ ታዲያ!

ብሩኬ፦ ስትገባ ደግሞ «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» ይልሃል።

መኳንንት፦ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ብሩኬ፦ ያን ቀን ከቤት አትውጣ።

መኳንንት፦ እስቲ አፑን አሳየኝ።

ብሩኬ፦ ገና አልተሠራም።

መኳንንት፦ የሚሠራው ሰውስ?

ብሩኬ፦ ገና አልተገኘም።

መኳንንት፦ ታዲያ ምን አለ?

ብሩኬ፦ ጉድጓዱ አለ! ጉድጓዱ መቶ በመቶ ዝግጁ ነው!

[መኳንንት ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከጎማዎቹ መሐል ጎማ የሚገጠምበት አንድ የዛገ ቸርኬ እያንከባለለ አመጣ።]

መኳንንት፦ ይቺ የጭነት መኪና ቸርኬ ከዓመት በላይ ተቀምጣለች። ላያችን ላይ ከምትዝግ ለምን አንከድነውም? ልኩ ናት። መሐሏ ክፍት ቢሆንም የሚገባው እግር ብቻ ነው።

ብሩኬ፦ [በድንጋጤ እጁን ዘርግቶ] ቁም! ልታጠፋኝ ነው? አንተ ችግሩን ከፈታኸው እኔ ምን ልፈታ ነው?

መኳንንት፦ ኮልፌ ሌላ ችግር ይጠፋል?

ብሩኬ፦ ለዚህኛው ነው የተዘጋጀሁት! ካርድ ያሳተምኩት ለዚህኛው ነው! መኩ፣ በእናትህ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ይህን ችግር እንዳትነካብኝ።

[መኳንንት ቸርኬውን መልሶ አንከባለለው። በዚህ መሐል እማማ ጥሩብርሃን ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ። እንደ ወትሮው እጃቸውን ወደ ቅርንጫፉ ሰደዱ፤ ቅርንጫፉ የለም። ቀጥ ብለው ቆሙ።]

እማማ ጥሩብርሃን፦ ምነው፣ ቅርንጫፌ የት ሄደ?

ብሩኬ፦ [ፈጥኖ ስልኩን ወደ አፋቸው ያስጠጋል።] እማማ፣ እንደምን አደሩ? ለጥናት ነው፤ ይህ ጉድጓድ ያስቸግርዎታል?

እማማ ጥሩብርሃን፦ ኧረ ምንም አስቸግሮኝ አያውቅ! ቅርንጫፉን ያዝ አድርጌ እሻገር ነበር። ዛሬ ገና ተቸገርኩ።

ብሩኬ፦ መኩ፣ ሰማህ? ተቸግረዋል! ገበያ አለ ማለት ነው!

መኳንንት፦ [እጃቸውን ይዞ እያሻገራቸው] በዚህ በኩል፣ እማማ፤ ጠጋ ይበሉ።

እማማ ጥሩብርሃን፦ ተባረክ ልጄ። [ወደ ብሩኬ ዞረው] ያ ልጅ ለምንድን ነው ቅርንጫፍ ታቅፎ የሚስቀው?

መኳንንት፦ ሊያገባ ነው፣ እማማ።

እማማ ጥሩብርሃን፦ እ... [አዝነው ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።]

ብሩኬ፦ [ቅርንጫፉን ከጎማዎቹ ኋላ ይጥላል።] አሁን ወደ ዴሞው፣ ወደ ማሳያው። አቶ ወልደጊዮርጊስ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ግማሽ መርካቶ ጫማ የሚረከበው ከሳቸው ነው። መኪናቸውን እዚያ ጋ ያቆማሉ። እኔ ስልኬን እያየሁ ወደ ጉድጓዱ እራመዳለሁ። አንተ ከጎማዎቹ ኋላ ተደብቀህ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ «ጢጥ፣ ጢጥ» ትላለህ። እኔ ቀጥ እላለሁ። እሳቸው ይገረማሉ። አለቀ!

መኳንንት፦ እኔ ስልኩ ነኝ?

ብሩኬ፦ የስልኩ ድምፅ ነህ።

መኳንንት፦ «ብሩኬ፣ ጉድጓድ!» ብልህስ? እሱ ይቀለኛል።

ብሩኬ፦ ስልክ «ብሩኬ፣ ጉድጓድ» አይልም! እስቲ ሞክር።

መኳንንት፦ [ባለ በሌለ ኃይሉ] ጢጥ!

ብሩኬ፦ ይህ የአውቶቡስ ጥሩምባ ነው! የስልክ አድርገው።

መኳንንት፦ ጢ... ጥ?

ብሩኬ፦ አትጠይቀኝ! አስጠንቅቀኝ!

መኳንንት፦ ጢጥ፣ ጢጥ።

ብሩኬ፦ እንዲያ! ለስላሳ፣ ጨዋ፣ ዘመናዊ። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። መጮኽ የለም፣ መጎተት የለም። ቴክኖሎጂ ሰው አይጎትትም።

መኳንንት፦ ቴክኖሎጂ ሰው አይጎትትም። ያዝኩት።

[ከቀራንዮ የመጣ ታክሲ ቆመ። ኮታቸው የነተበ፣ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት የተወለወለ አንድ ጠና ያሉ ሰው ፌስታል አንጠልጥለው ወረዱ። ብሩኬ አላያቸውም፤ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ነው፣ የሚያብረቀርቅ መኪና ይጠብቃል። ሰውዬው የሆነ ነገር የሚፈልጉ መስለው ሱቅ ሱቁን እያዩ ወደ ጎሚስታው መጡ። አንድ እግራቸው ተነሣ።]

መኳንንት፦ አባባ! ጉድጓድ! [ዘሎ የኮታቸውን ጀርባ ጨምድዶ ወደ ኋላ ይስባቸዋል።]

ሰውዬው፦ በስመ አብ ወወልድ!

ብሩኬ፦ መኩ! ምን ነበር የተባባልነው? «ጢጥ» አይደለም እንዴ?

መኳንንት፦ ሊገቡ ነበር እኮ!

ብሩኬ፦ ቢሆንስ! ሥርዓት አለው! [ወደ ሰውዬው ዞሮ፣ በፈገግታ] ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን ትኩስ እንዳለ ልጠይቅዎት። ከአንድ እስከ አምስት ቢባል፣ አንድ ትንሽ፣ አምስት ከፍተኛ ነው፤ ድንጋጤዎን ስንት ይሰጡታል?

ሰውዬው፦ ልጄ፣ ደህና ነህ?

ብሩኬ፦ መጠይቁ የሚሞላው ስለ እርስዎ ነው፤ ስለ እኔ አይደለም።

ሰውዬው፦ [ጉድጓዱን አጎንብሰው ካዩ በኋላ] ይህ ነገር እንዲህ ክፍቱን ነው የሚውለው?

መኳንንት፦ ቅርንጫፍ ነበረበት፣ አባባ።

ሰውዬው፦ ማን ነቀለው?

ብሩኬ፦ እኔ።

ሰውዬው፦ ለምን?

ብሩኬ፦ ችግሩ እንዲታይ። ጋሼ፣ ለእርስዎ ላስረዳ ብል ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ትልቅ ባለሀብት እየጠበቅኩ ነው። ለማንኛውም ካርዴን ይያዙ።

[ሰውዬው ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። ከዚያ ብሩኬን አዩት፤ ከጫማው ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ።]

ሰውዬው፦ ብሩኬ የሚባለው አንተ ነህ?

ብሩኬ፦ በአካል! ሰምተው ያውቃሉ?

ሰውዬው፦ ሰምቻለሁ። ሌላ ሥራ የለህም?

ብሩኬ፦ ሱቅ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ።

ሰውዬው፦ ከስሮ?

ብሩኬ፦ ኧረ አልከሰረም! ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ ያስቸግራል። ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ሰውዬው፦ ሰው እየመጣ... [ካርዱን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ።] ጥያቄህን አስቤበት መልሱን እልክልሃለሁ። [ወደ መኳንንት] አንተ ግን እግዚአብሔር ይስጥህ።

[መንገዱን ተሻግረው ወደ ቀራንዮ የሚመለስ ታክሲ ያዙ።]

መኳንንት፦ ገና አሁን መጥተው ተመልሰው ሄዱ።

ብሩኬ፦ ሥራ የሌለው ሰው እንዲህ ነው፤ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ግን አየህ? «ሰምቻለሁ» አሉ! ስሜ ታክሲ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

[አራት ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። መኪና የተባለ ሁሉ መጣ፣ የሚጠበቀው ግን አልመጣም። ብሩኬ ከረባቱን ደጋግሞ ያስተካክላል፣ ጫማውን በሱሪው ጀርባ ይወለውላል። ይህ ቀን ካመለጠው ሄቨንን በዚያች መስኮት በኩል እንኳ ዳግመኛ እንደማያያት ያውቃል። ስልኩ ሲጮኽ ስሟን አይቶ ፊቱ በራ፤ ድሉን መኳንንትም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።]

ብሩኬ፦ ሄቪዬ! አባባ መንገድ ተዘግቶባቸው ነው አይደል?

ሄቨን፦ አባዬ እኮ ደርሶ ተመለሰ።

ብሩኬ፦ የት ደርሰው? ከጠዋት ጀምሮ መኪናቸውን ስጠብቅ!

ሄቨን፦ የምን መኪና? አባዬ መቼ መኪና ገዝቶ ያውቃል? በታክሲ ነው የመጣው። ሰው ሳይዘጋጅልኝ ሥራውን ልይ ብሎ በጠዋት ወጣ።

ብሩኬ፦ [ቀስ ብሎ] ኮታቸው... ነተብ ያለ ነው?

ሄቨን፦ ሱቁ የሚሄድበት ኮቱ ነዋ።

መኳንንት፦ [በደስታ] ጫማቸው ያምራል!

ብሩኬ፦ ዝም በል አንተ! ሄቪ፣ ምን አሉ?

ሄቨን፦ ብዙም አላወራ። ካርድህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ለልጁ መልሴ አምስት ነው በይው» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ብሩኬ፦ [ይዘላል] አምስት! ከአምስት አምስት! መኩ፣ ሰማህ? ሙሉ ማርክ!

መኳንንት፦ [አቅፎት አብሮ ይዘላል] እንኳን ደስ ያለህ! እንኳን ደስ ያለህ! ...ግን ብሩኬ፣ አንተ የጠየቅካቸው ስለ ድንጋጤያቸው አልነበር?

[ዝላዩ ቆመ።]

ሄቨን፦ ብሩኬ... ሱቁን አሳየው ብዬህ ነበር። አባዬ እኮ ጫማ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያዞረ ሸጦ ነው ያሳደገን። «ሱቋን ከፍቶ ቆሞ ባገኘው ኖሮ፣ ሳሙና ገዝቼ፣ መርቄው እመለስ ነበር» አለ። ሽማግሌዎችህን ሁለተኛ እንዳትልክ ብሏል። [ስልኩ ይዘጋል።]

ብሩኬ፦ ሄቪ? ሄቨን! ሃሎ?

[መልሶ ይደውላል፤ አይነሣም። እንደገና ይደውላል። ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ጉድጓዱ ይቀርባል። ቅርንጫፉ እሱ ራሱ በጣለበት፣ ከጎማዎቹ ኋላ ተጋድሟል። መኳንንት አየው። አፉን ከፈተ። እጁን ሊዘረጋ ቃጣው። ከዚያ የታዘዘው ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ።]

መኳንንት፦ [ለስለስ ብሎ፣ በጨዋ ድምፅ] ጢጥ፣ ጢጥ።

ብሩኬ፦ ተወኝ፣ መኩ፤ አሁን የጨዋታ ሰዓት አይደለም!

መኳንንት፦ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!

ብሩኬ፦ ተወኝ አልኩ እኮ! እኔ ሕይወቴ ገደል እየገባ አንተ...

[ገባ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፤ ከራሱ በላይም አያልፍም። ሆኖም አቧራው ሲበተን ከመሬት በላይ የቀረው ማዕረጉ የታተመበትን ባጅ የያዘ አንድ እጅ ብቻ ነበር።]

ብሩኬ፦ [ከሥር] አንተ! ምናለ ብትጠራኝ? ምናለ ብትጎትተኝ?

መኳንንት፦ ጢጥ አልኩህ እኮ። ደግሞ ቴክኖሎጂ ሰው አይጎትትም ብለኸኛል። [አጎንብሶ፣ ከልቡ እያዘነ] ብሩኬዬ፣ አሁን ትኩስ እንዳለህ፤ ከአንድ እስከ አምስት ቢባል፣ ስንት ትሰጠዋለህ?

[ባጁን የያዘው እጅ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።]

ብሩኬ፦ [ቀስ ብሎ] መኩ... ያን ቅርንጫፍ አቀብለኝ።

መኳንንት፦ [ወደ ጎማዎቹ ሄዶ፣ ቅርንጫፉን አንሥቶ፣ ግራ ገብቶት ይመለሳል።] ይሄን? ልስጥህ? ...ችግሩን አይደብቅብህም?